ጀልባዎቹ የከበዱበት ምክንያት

የሻረግ ጠዋት ጠዋት ወደ ቢሮ የምትሄደው የሐይቁን ዳር ተከትላ ነበር። ክረምቱ ገና መግባቱ ስለሆነ ጣና የጭቃ ቀለም ይዞ፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ ተኝቶ ይጠብቃታል፤ ይብራዎቹ እንቦጩ ዳር ቆመው ክንፋቸውን ያናፍሳሉ፤ የዓሣና የናፍጣ ሽታ ከወደቡ አንስቶ እስከ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቱ በር ድረስ ይሸኛታል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የተላከችው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው። የምትሠራበት የመድን ድርጅት፣ በሐይቁ ላይ ለሰመጡና ለተሰበሩ ጀልባዎች የቀረቡለትን የካሳ ጥያቄዎች በሙሉ እንደ አደጋው ምክንያት እንድትለይለት ፈልጓል። ባለጀልባዎችና ከአደጋ የተረፉ ሰዎች በራሳቸው አነጋገር የሰጡት ቃል ወደ ኮምፒዩተር ይገባል፤ እሷ የሠራችው ፕሮግራም ጽሑፉን ያነብና የሚመሳሰለውን አንድ ላይ ይሰበስባል። ማዕበል ከማዕበል ጋር፣ የሞተር ብልሽት ከሞተር ብልሽት ጋር፣ እሳት ከእሳት ጋር ይሄዳል፤ ከድንጋይ ጋር መጋጨትና ከልክ በላይ መጫን ደግሞ ለየብቻቸው ይቀመጣሉ።

የመጣች ቀን የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ምንውየለት በር ድረስ ወጥተው ተቀብለዋታል። ሙሉ ሰውነት ያላቸው፣ ሳቅ የሚቀናቸው ሰው ናቸው። «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሲሉ፣ ለአንድ ሰው እንደ ብዙ መናገራቸውን የደግነት ወግ አድርጋ ወሰደችው። ሻንጣዋን ከእጇ የተቀበላት ግን እሳቸው ሳይሆኑ ከጎኗ የቆመ ቀጭን፣ ሸበቶ የጀማመረው ሰው ነበር። «ልየው እባላለሁ» አለ፤ ደረጃውንም ቀድሟት ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋይል ከምድር ቤት የሚያመጣላት፣ በእጅ የተጻፈው አልነበብ ሲላት የሚያነብላት፣ ሻይ ሲመጣ የእሷን ብርጭቆ አስቀድሞ የሚያቀርብላት እሱ ሆነ። ትንሽ ይናገራል፤ የሚናገረውም ጥሩ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሰው አብሯት እንዲሠራ ስለሰጧት አቶ ምንውየለትን በልቧ አመስግናለች።

የሥራ ክፍሏ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ ያረጀ ጣውላ ስለሆነ ሰው በመጣ ቁጥር ያቃስታል። ጽዳት ሠራተኛዋ ስትገባ ቀለል ያለ ድምፅ ይሰማል፤ አቶ ምንውየለት ሲገቡ ወፈር ይላል። ልየው ሲገባ ግን ጣውላው ድምፅ አያሰማም፤ ዝም ብሎ ዝቅ ይላል። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለችው በጠረጴዛዋ ላይ በነበረ የውሃ ብርጭቆ ነው። እሱ ከጎኗ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ፣ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ እሱ በኩል አዘነበለ፤ ሲነሳ ተመልሶ ቀጥ አለ። ቤቱ አርጅቷል አለችና ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አዛወረችው። አንዳንዴ ደግሞ፣ እሱ ካለፈ በኋላ፣ ከሐይቁ ዳር ሳይሆን ከሐይቁ ሥር የመጣ የሚመስል ሽታ ይቀራል፤ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ጭቃ ሽታ። መስኮቱን ትከፍታለች። ከውጭ የሚገባው የዓሣ ሽታ እንኳ ከዚያ ይሻላል።

ሥራው መልካም ሄደ። ፕሮግራሙ የተሳሳተው ጥቂት ቦታ ነው፤ እሱንም አስተካከለችው። ክምሮቹ አንድ በአንድ ስም እያገኙ ሄዱና በመጨረሻ ስም ያልተገኘለት አንድ ክምር ብቻ ቀረ። በውስጡ ያሉት ጥያቄዎች ማዕበል አይሉም፤ ነፋስ አይሉም፤ ድንጋይም እሳትም የለባቸውም። የድርጅቱ ገምጋሚዎች ሁሉንም «ከልክ በላይ መጫን» ብለው ዘግተዋቸዋል፤ ባለጀልባዎቹ ግን አልጫንኩም ብለው ይምላሉ። ፕሮግራሙ ለምን አንድ ላይ እንዳደረጋቸው ስትፈትሽ ያያያዛቸው አንድ ተራ ቃል ሆኖ አገኘችው፤ «መስሎኝ»። ሳቀች። እንዲህ ያሉ ቃላት በሰው ንግግር ሁሉ ስለሚገኙ ለምክንያት ምልክት አይሆኑም፤ ከመጀመሪያውም አውጥታ መጣል ነበረባት። አወጣችውና እንደገና አስኬደችው። ክምሩ አልተበተነም። አሁን ደግሞ «ዘመድ»፣ «የእናንተ» እና «ከበደ» በሚሉ ቃላት ተያይዞ፣ ከፊተኛው ይልቅ ጠብቆ ተቀመጠ።

ስለዚህ ራሷ ማንበብ ጀመረች።

የጎርጎራው ባለጀልባ፣ ሰውየው የተሳፋሪዎቹ ዘመድ መስሎኝ ዝም አልኩ ይላል። ከዚያው ጀልባ የተረፉት ተሳፋሪዎች በበኩላቸው የባለጀልባው ረዳት መስሎን ቦታ ለቀቅንለት ይላሉ። የደልጊው ሰው ማንበብና መጻፍ ስለማይችል ቃሉን ሌላ ሰው ጽፎለት በጣቱ ፈርሟል፤ የሙሽራው ወገን መስሎኝ ነው ይላል። የሙሽራው ወገኖች የሙሽሪት ወገን መስሎናል ብለዋል። ውሃ አልገባም፣ ጀልባው ግን ከበደ። ሞተሩ ይሠራል፣ ጀልባው ግን ከበደ። እነዚህ ሰዎች አይተዋወቁም፤ የሚኖሩትም በተለያየ ዳርቻ ነው፤ አደጋው የደረሰባቸውም በተለያየ ዓመት ነው። ውጭ ሰማዩ ጠቁሮ የመስኮቱ መስታወት በሩቅ ነጎድጓድ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አቶ ምንውየለት ዘንድ ወርዳ ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሰሟት።

«የሻረግ፣ ሰው ሲደነግጥ የማያየው ነገር የለም» አሉ። «ገምጋሚዎቹ ያሉትን ተከትለሽ ከልክ በላይ መጫን ብለሽ አስገቢው።»

«እንደዚያ ከተባለ ጥፋቱ የባለጀልባው ይሆናል። በዚህ የታሰሩ ሰዎች እኮ አሉ።»

«አውቃለሁ። ምን ላድርግ? ጀልባው ከበደ የሚል ምክንያት ለዋናው መሥሪያ ቤት ልላክ?»

ፎቅ ስትመለስ ልየው በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ሐይቁን ያያል። ሳትነግረው ያወቀ ይመስል፣ «ቁንዝላ ከተማ የመኳንንት ሚስት አለች» አለ። «እሱ ታስሯል። እሷ ጀልባው ውስጥ ነበረች። ከሰው አፍ መስማት ይሻላል።»

መኳንንት በክምሩ ውስጥ ስማቸው ካለ ባለጀልባዎች አንዱ ነበር። በዚያ አደጋ ከሞቱት አንዷ የገዛ ልጁ ናት።

በማግስቱ በሚኒባስ ሄዱ። መንገዱ በዝናብ ላሽቋል፤ ከግራና ከቀኝ ያለው ማሳ ውሃ ቋጥሮ ሰማዩን መስሏል። ልየው ከኋላ ወንበር በቀኝ በኩል ተቀምጧል። ሾፌሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አቁሞ ወረደና የቀኙን የኋላ ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገው። «ንፋስ አለው» እያለ ይመለሳል፤ «ምን እንደሚጎትተኝ እንጃ።» የሻረግ ወደ ኋላ ዞራ ልየውን አየችው። ፈገግ አለላት። እሷም ፈገግ አለች። ዞር ስትል ግን ፊቱን ለማስታወስ ሞከረችና አቃታት፤ ብዙ ቀን አብሯት የዋለ ሰው ፊት፣ ዓይኗን ካነሳችበት ቅጽበት ጀምሮ፣ የብዙ ሰው ፊት ተደራርቦ የተሠራ ይመስል ይንሸራተትባታል። ድካም ነው አለች።

ቁንዝላ ሲደርሱ ልየው፣ «እኔ ወደ ወደቡ ልውረድ፤ አንቺ ጨርሰሽ ነይ» ብሏት ሄደ። እሷ ቤቱን ጠይቃ አገኘችው። የመኳንንት ሚስት ወይዘሮ አትጠገብ ከልጇ ሞት ወዲህ ጥቁር አላወለቀችም። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ሐይቁ የሚታይበት መስኮት በጆንያ ተሸፍኗል።

«አልጫነም» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ። «ባሌ ፈሪ ነው። ሰው ሲበዛበት እያወረደ የሚሄድ ሰው ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነ፣ እትዬ?»

ወይዘሮ አትጠገብ የጥቁር ነጠላዋን ጫፍ አጣጠፈች። በጆንያው ቀዳዳ የገባው ብርሃን በእጇ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ሰው ነበር» አለች። «ጥሩ ሰው። ልጄ ብርድ ሲመታት ኮቱን አውልቆ ያለበሳት እሱ ነው። እኔ የባሌ ደንበኛ ነው ብዬ፣ ባሌ የእኔ የእናቴ ወገን ነው ብሎ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብቻ ሁላችንም የምናውቀው በሌላው በኩል ነው። መሐሉ ላይ ስንደርስ ጀልባው ከበደ። ውሃው እስከ አፉ መጣ። ሰው መጠያየቅ ጀመረ፤ ይሄ የማን ነው፣ ያቺ የማን ናት ተባለ። እሱን ማንም አልጠየቀውም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንዲት የማናውቃት ልጅ ነበረች፤ ብቻዋን የተሳፈረች። ሁሉም ከእሷ ሸሽቶ ወደ አንድ ወገን ሄደ። ጀልባ እንደዚያ አይችልም።» ቀና ብላ አየቻት። «ልጅቷ ሰው ነበረች። ሬሳዋ ሲወጣ እናቷ መጥታ አለቀሰች። እሱ ግን ከሬሳውም ከተረፉትም የለም።»

«ፊቱን ብታዪው ታውቂዋለሽ?»

«የማውቀው ፊት ነው» አለች ወይዘሮ አትጠገብ። «እንደዚያ ነው የምልሽ። የማውቀው ፊት ነው።»

የሻረግ ከዚያ ቤት ወጣች። ዋናው መሥሪያ ቤት የሚፈልገውን ረስታ፣ መኳንንትን ከእስር ለማስወጣት ምን ብላ እንደምትጽፍ እያሰበች ሳለ የሚኒባሱ ሾፌር መንገድ ላይ አገኛት። ከላይ በዘነበው ዝናብ ድልድዩ ተቆርጧል፤ ዛሬ መኪና አይወጣም አላት። ማደሪያ አልነበራትም። ወደ ወደቡ ስትወርድ አንድ ጀልባ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ነው፤ ልየው ከባለጀልባው አጠገብ ቆሞ አንዲት ሴት ዶሮዎቿን እንድታሳፍር ያግዛል። «ቦታ ይዤልሻለሁ» አላት።

መግባት አልፈለገችም። ግን ሐይቁ ረጋ ብሏል፤ ገና ቀን ነው፤ ጀልባው ሰፊ ነው፤ ሰዉም አልበዛም። ገባች።

ከዳር እንደራቁ መጠየቅ ጀመረች። እንደ ወሬ አስመስላ፣ አንድ በአንድ። ባለጀልባው አለምነው ይባላል፤ ልጅነቱን በዚህ ውሃ ላይ ያሳለፈ፣ ፀሐይ ያከሰለው ጎልማሳ ነው። ዓይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌና ምራታቸው ወደ ሆስፒታል እየሄዱ ነው፤ ምራትየዋ የአማቷን እጅ ይዛለች። ሦስቱ የእህል ነጋዴዎች ወንድማማቾች ናቸው፤ ይመሳሰላሉም። ባለዶሮዋን አለምነው ያውቃታል፤ በየሳምንቱ ትመላለሳለች። ሁሉም የሰው ሰው ነው። የሻረግ ስትሳፈር የያዛት ፍርሃት ለቀቃት፤ በጀልባው ጠርዝ ላይ ተደግፋ ውሃው ሲገመስ የሚሰጠውን ለስላሳ ድምፅ አዳመጠች። ልየውን መጠየቅ አላሰበችም። እሱ የእሷ ሰው ነው።

ሰማዩ ከምዕራብ በኩል መጨለም ያዘ። ደመናው እስከ ውሃው ወርዶ ዳርቻው ሁሉ ጠፋ፤ በቀን መሐል የመሸ መሰለ፤ ዶሮዎቹም በቅርጫታቸው ውስጥ ተጠጋግተው ዝም አሉ። ስልኳ የጮኸው ያኔ ነው። አቶ ምንውየለት ናቸው፤ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ይመጣል።

«የት ነሽ?»

«ሐይቁ ላይ ነን፤ ከልየው ጋር። መንገዱ ተቆርጦ።»

«ስለ እሱ ልጠይቅሽ ነበር» አሉ። «ከዋናው መሥሪያ ቤት ደውለው እንዴት ናት ሲሉኝ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው አልኳቸው። ሁለተኛው ማነው አሉኝ። እኛ የላክነው እሷን ብቻ ነው ይላሉ። የሻረግ፣ ልየው ከአንቺ ጋር የመጣ ሰው አይደለም እንዴ?»

መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት መስመሩ ተቋረጠ።

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ቆየች። ልየው ከኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ ወደ እሷ ያያል። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ዛቻ የለም። ሻይ ሲያቀርብላት የነበረው ያው ደግነት ነው ያለው። ከዚያ ሽታው መጣ፤ ፀሐይ አይቶት የማያውቀው ጭቃ ሽታ፤ በሰፊው ሐይቅ ላይ፣ በነፋሱ መሐል፣ እንደ ዝግ ክፍል ታፍኖ።

የሞተሩ ድምፅ ሳይለወጥ ጀልባው አዘገመ። አለምነው ነዳጅ ጨመረ። ሞተሩ ጮኸ እንጂ ጀልባው አልተራመደም። ጎንበስ ብሎ ወለሉን ዳበሰ፤ ደረቅ ነው። ቀና ሲል ውሃው ከጠርዙ በታች አንድ መዳፍ እስኪቀር ድረስ መጥቶ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ያለ ሞገድ ቆሞ አየው። ሞተሩን አጠፋ። ጸጥታው ሲወርድ የሁሉም ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

«ከበደ» አለ አለምነው፤ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ውሃ የለውም፣ ከበደ።»

ሽማግሌው በፈዘዘ ዓይናቸው ዙሪያቸውን ቃኙ። «ከእኛ ጋር ማን አለ?» አሉ። «ስንት ሰው ነን?»

የሻረግ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ድምፅዋም ከጠበቀችው በላይ ጸንቶ ወጣ።

«እሱ ነው» አለች፣ በጣቷ እያመለከተች። «ልየው። የማንም ሰው አይደለም። እኔ የቅርንጫፉ ሠራተኛ ነው ብዬ፣ እነሱ ከእኔ ጋር የመጣ ነው ብለው። ጠይቁት። እባካችሁ እሱን ጠይቁት።»

ሁሉም ወደ ልየው ዞሩ። ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ልየውን ነው የምትይው?» አለች ባለዶሮዋ። «ልየውማ ከጠዋት ጀምሮ አብሮን ነው።»

«ልየውን እናውቀዋለን» አለ ከወንድማማቾቹ ትልቁ። ሌሎቹ ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ድምፁን አውቀዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «የሰው ልጅ ነው።»

ምራትየዋ የአማቷን እጅ ለቃ ወደ እሷ ዞረች፤ ዓይኗ ፈጥጧል፤ በፍርሃት እንጂ በክፋት አይደለም። «ከተሳፈርሽ ጀምሮ የማን ናችሁ እያልሽ ስትጠይቂ ነበር» አለች። «አንቺስ? አንቺስ የማን ነሽ?»

«እኔ ከባሕር ዳር… ከአዲስ አበባ ነኝ። የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነኝ።» ቦርሳዋን ከፍታ መታወቂያዋን ስታወጣ አመለጣትና ወለሉ ላይ ወደቀ። ማንም ሊያነሳው አልጎነበሰም። «ወይዘሮ አትጠገብ ታውቀኛለች። የመኳንንት ሚስት። ዛሬ ቤቷ ነበርኩ።»

የመኳንንት ስም ሲጠራ ባለዶሮዋ አማተበች። ከመቀመጫዋ ተነስታ ወደ ማዶው ጠርዝ ተጠጋች፤ ምራትየዋም ሽማግሌውን እየጎተተች ተከተለቻት። «አትነሱ» አለች የሻረግ፤ «ወደ አንድ ወገን አትሂዱ፤ እሱ የሚፈልገው ይህን ነው፤ እንዳትነሱ።» ወንድማማቾቹ ተነሱ። ጀልባው አጋደለ፤ ጥቁሩ ውሃ በማዶው ጠርዝ ላይ ቀጭን ሆኖ፣ ያለ ድምፅ መግባት ጀመረ። አለምነው መቅዘፊያውን በሁለት እጁ አንስቶ በመሐል ቆመ፤ ሊመታት ይሁን ሊደገፍበት እሱም የሚያውቅ አይመስልም፤ ዓይኑ ከእሷ ላይ ሳይነሳ ከኋላው የተቀመጠውን ሰው ጠየቀ።

«ልየው፣ ይህችን ሴት ታውቃታለህ?»

ልየው ለረጅም ጊዜ፣ በሐዘን፣ ልክ ሊረዳት እየፈለገ እንዳቃተው ሰው አያትና ራሱን ቀስ ብሎ እየነቀነቀ፣ «አላውቃትም» አለ።